በመዝገባችን ላይ የሌለው ሻጋታ፦ ለጤና ቢሮና በጎጃም ላሉ ሆስፒታሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣
ለአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣
በጎጃም ለምትሠሩ የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የላብራቶሪ ባልደረቦቼ፤

ጤና ይስጥልኝ።

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ የምሠራውም እዚያው ጎጃም ውስጥ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አንድ ነገር እንድንቆጥር ለመለመን ነው። ሆስፒታል የተኛን ሰው የሚገድል ሻጋታ አለ። እኛ ጋ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም። ስላልቆጠርነው የሌለ መስሎናል።

ከአጎቴ ልጀምር።

አጎቴ ገበሬ ነበሩ። ስኳር ነበረባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጉ ነበር። አንድ ክረምት መድኃኒቱ አለቀ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ አረሙ ደርሷል፣ "ነገ እሄዳለሁ" ሲሉ ሳምንት አለፈና ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ስኳራቸው ከ500 በላይ ነበር፤ ደማቸው አሲድ ሆኗል። ሐኪሞቹ ታግለው ስኳሩን አወረዱት። ነቁ። ቤተሰቡ "ተመስገን" አለ። በ3ኛው ቀን ግን ግራ ጉንጫቸው አበጠ። ጥርስ ነው ተባለ። በ4ኛው ቀን ከአፍንጫቸው ጠቆር ያለ ደም ወረደ። ሳይነስ ነው ተባለና አንቲባዮቲክ ተጨመረ። በ5ኛው ቀን ግራ ዓይናቸው አልንቀሳቀስ አለ።

እኔ ያኔ ሌላ ከተማ ነበር የምሠራው። የደረስሁት በ6ኛው ቀን ነው። በስልኬ መብራት አፋቸውን ከፍቼ አየሁ። የላንቃቸው ግማሽ ከሰል መስሏል። እዚያ የሚሠራ አንድ ልጅ ማይክሮስኮፑን ለቀቀልኝ። በሐኪሙ ፈቃድ ከጠቆረው ጠርዝ ትንሽ ተፍቆ መጣልኝ፤ አንድ ጠብታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሬ ጠበቅሁ። ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰፋ ሰፋ ያሉ፣ ጥብጣብ የመሰሉ ክሮች። ቅርንጫፋቸው በ90 ዲግሪ የሚወጣ። ሚውኮር የሚባለው ሻጋታ ነው። አምፎቴሪሲን የተባለውን የሻጋታ መድኃኒት ፍለጋ ስልክ ሲደወል ሁለት ቀን አለፈ። መድኃኒቱ መንገድ ላይ እያለ አጎቴ አረፉ።

በሞት ማስረጃቸው ላይ የተጻፈው "የስኳር በሽታ" ነው። ሻጋታ የሚል ቃል የለበትም። በዚያ ዓመት የሆስፒታሉን ሪፖርት ያገላበጠ ሰው አጎቴን ከስኳር ሟቾች ጋር ደምሯቸዋል ማለት ነው።

ያከሟቸውን ሐኪሞች አልወቅስም። እንቅልፍ አጥተው ነው የሠሩት። ሐኪም የሚጠረጥረው ከዚህ በፊት ያየውን፣ በሪፖርት ያነበበውን፣ ጓደኛው የነገረውን በሽታ ነው። ያልተመዘገበ በሽታ ማንም ራስ ውስጥ አይመጣም። ማንም ካልጠረጠረው ደግሞ አይመረመርም፤ ካልተመረመረ አይመዘገብም። ያለነው እዚህ ክብ ውስጥ ነው።

ሻጋታ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ክረምት ላይ እንጀራ በ3ኛው ቀን እንደሚሻግት ሁሉም ቤት ያውቃል። እርጥብ ሆኖ ጎተራ የገባ በቆሎ፣ ሳይደርቅ የታሰረ በርበሬ፣ የሰነበተ ገለባ፣ ሁሉም ያውቀዋል። ከእነዚህ የሚነሳው ስፖር የሚባለው ዱቄት መሰል ዘር ነው። አስፐርጂለስ የሚባለው ሻጋታ ስፖር ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ነው፤ በዓይን አይታይም። ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ይቆያል፤ ትንሽ ስለሆነ እስከ ሳንባ ጥግ ይደርሳል። ማንኛችንም በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር እንስባለን። አውድማ ላይ የዋለ ሰውማ ስንት እንደሚስብ አስቡት። ጤነኛ ሰው ግን አይታመምም። በሳንባው ያሉ ተከላካይ ሴሎች ስፖሩ ሳይበቅል ይውጡታል።

አደጋው እነዚህ ሴሎች ሲጠፉ ወይም ሲደክሙ ነው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ወስዶ ኒውትሮፊል የሚባለው ተከላካይ የደም ሴሉ በማይክሮ ሊትር ደም ከ500 በታች የወረደና እንዲያ ሆኖ ከ10 ቀን በላይ የቆየ ሰው። የደም ካንሰር ያለበት። ለሳምንታት ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳ የሚባሉትን ስቴሮይዶች የወሰደ። ስኳሩ ያመለጠው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ። ከባድ ኢንፍሉዌንዛ የያዘውም ከእነዚህ ውስጥ ነው። ይህን የሕክምናው ዓለም በቅጡ የተረዳው በቅርብ ዓመታት ነው። በእነዚህ ሰዎች ሳንባና ሳይነስ ውስጥ ስፖሩ ይበቅላል፣ ክር ያወጣል፣ የደም ሥር ሰርስሮ ይገባል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ የአጎቴ ላንቃ የጠቆረው ለዚህ ነው።

ይህ የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። እኔ እንዲህ አላይም። በ2013 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ሕንድ ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። ኮቪድ፣ ስኳርና ስቴሮይድ አንድ ላይ ሲገናኙ በጥቂት ሳምንታት ከ40 ሺህ በላይ የሚውኮር ታማሚ ሪፖርት ተደረገ። ዓይናቸው የወጣ፣ መንጋጋቸው የተቆረጠ ብዙ ናቸው። ስኳርና ስቴሮይድ እኛም ጋ አሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ትኩረት የሚሹ 19 ፈንገሶችን ዝርዝር አወጣ። አስፐርጂለስ ፉሚጋተስ ከላይኛው፣ "እጅግ አሳሳቢ" ከተባለው ምድብ ነው። የሚውኮር ወገኖች በሁለተኛው ምድብ አሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት ደግሞ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ሰርስሮ በሚገባ አስፐርጂለስ እንደሚያዝ፣ 1.8 ሚሊዮን ያህሉ እንደሚሞት ይናገራል። ግምት ነው። ግምት የሆነው ደግሞ እንደ እኛ ያለ ቦታ ቁጥር ስለማይልክ ነው። በየሳምንቱ ስለ ወባ እንልካለን፣ ስለ ኩፍኝ እንልካለን። ስለዚህኛው የምንሞላው ሳጥን የለንም።

ቁጥሩ የሚጠፋባቸው ሌሎች በሮችም አሉ። አንዱ ሳንባ ነቀርሳ ነው። የሚያስል፣ ደም የሚተፋ፣ የከሳ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምናስበው ቲቢን ነው፤ ልክም ነን። ጂንኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ኔጌቲቭ ሲሆንስ? ብዙ ጊዜ የቲቢ መድኃኒት ይጀመራል፤ ታማሚው አይሻለውም፤ ይቀየራል፤ አሁንም አይሻለውም። ቲቢ ድኖ በሳንባ ላይ የተወው ጉድጓድ ለአስፐርጂለስ ጥሩ ቤት ነው። ይህ ቀስ እያለ ዓመታት የሚወስደው ዓይነት ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ በቀናት ከሚገድለው ይለያል። ግን ሁለቱም በአንድ ስም ተሸፍነው ያልፋሉ።

ሌላው አስከሬን ምርመራ ነው። በሠለጠኑት ሆስፒታሎች እንኳ ብዙ የሻጋታ ሕመም የታወቀው ከሞት በኋላ ነው። እኛ ጋ ቤተሰብ አስከሬኑን ቶሎ ወስዶ መቅበር ይፈልጋል። ተገቢ ነው፣ ባህላችን ነው። ስለዚህ የማወቂያ ዕድላችን ሰውየው በሕይወት እያለ ብቻ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ግንባታ።

ሆስፒታሎቻችን እየሰፉ ነው። ደስ ይላል። ጎጃም ውስጥ በየከተማው አዲስ ሕንፃ ሲቆም፣ የድሮው ዋርድ ፈርሶ ሲታደስ ማየት ለዓመታት የተመኘነው ነው። ግን አሮጌ ግድግዳ ሲፈርስ፣ ኮርኒስ ሲነሳ፣ አፈር ሲቆፈር፣ ለዓመታት ተኝቶ የነበረ ስፖር ደመና ሆኖ ይነሳል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በሆስፒታል ውስጥ የተከሰቱ 53 የአስፐርጂለስ ወረርሽኞችን ሰብስቦ አይቷል፤ 458 ታማሚዎች ናቸው። ከወረርሽኞቹ ግማሽ ያህሉ ከግንባታ ወይም ከማፍረስ ሥራ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ የደም ካንሰር ያለባቸው ነበሩ።

እኔ በዓይኔ ያየሁት አለ። የዋርዱ መስኮት የተከፈተው በቀጥታ ወደሚቆፈረው መሠረት ነው። የታማሚው አልጋ ላይ አቧራው በጣት ይጻፍበታል። አስታማሚዋ እናት በነጠላዋ የልጇን ፊት ትጠርጋለች። ልጁ ኬሞ ላይ ነው። ነርሷን ጠየቅኋት። "መስኮቱን ብንዘጋ ቲቢው" አለችኝ። እውነቷን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር፤ ቀላል ጥያቄ አይደለምና። ለቲቢ የምንመክረው መስኮት መክፈት ነው። ለሻጋታ የሚመከረው አቧራ ያለበትን አየር ማስቀረት ነው። ሀብታም አገር ይህን በማሽን ይፈታዋል። ሄፓ የሚባለው የአየር ማጣሪያ 0.3 ማይክሮን ከሚሆነው ብናኝ 99.97 ከመቶውን ይይዛል፤ የክፍሉ አየር በሰዓት 12 ጊዜና ከዚያ በላይ ይቀየራል፤ ግፊቱ ወደ ውጭ ስለሚገፋ የኮሪደር አየር አይገባም። እኛ ይህ በአንድ ጀንበር አይኖረንም። ግን መፍትሔው መስኮቱን ሁሉ መዝጋት ወይም ሁሉን መክፈት ብቻ አይደለም። ከግንባታው ማዶ ያለውን መስኮት ክፈቱ፤ ወደ ቁፋሮው ያለውን በወፍራም ላስቲክ አሽጉት። ኬሞ ላይ ያሉትንና ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የሚወስዱትን ከቁፋሮው ርቆ ወዳለው ክፍል ውሰዷቸው። ሳል ያለባቸውን ከእነሱ ለዩ። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት አፈሩ ውኃ ይርከፈከፍበት። አሸዋና ፍርስራሽ የሚያመላልሰው መኪና በዋርድ በር በኩል አይለፍ። ዋርድ ውስጥ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ይቅርና በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ለራጅ ወይም ለአልትራሳውንድ በግቢው አቋርጦ የሚሄድ የኬሞ ታማሚ ኤን 95 ማስክ ያድርግ። ከእነዚህ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ብዙ ነገር አይታየኝም። የሚጠይቁት ኮንትራክተሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሆስፒታሉን የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ ጠርቶ የሚያነጋግር ሰው ነው። የውል ሰነዱ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢገባ ደግሞ የበለጠ።

የእኛ ክረምት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጣሪያው ያፈሳል፤ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ይወጣል፤ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ጥቁር። እናየዋለን፣ እንለምደዋለን። የረጠበ ኮርኒስ በ3 ቀን ውስጥ ካልደረቀ ተነስቶ መጣል አለበት። ቀለም ቀብቶ መሸፈን አይሆንም። አንሶላውም እንዲሁ ነው። ክረምት ላይ አንሶላ አይደርቅም፤ ተጣጥፎ እርጥበቱን ይዞ መጋዘን ይገባል። አሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በ2008 እና 2009 እ.ኤ.አ. በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል 5 ልጆች በሚውኮር ሞቱ፤ ከተጠረጠሩት ሁሉ ጎልቶ የወጣው አንሶላው ነበር። ያን ያህል ሀብት ባለበት አገር ከሆነ፣ እኛ ጋ ፀሐይ ሳያይ የተጣጠፈውን አንሶላ እንዴት ዝም ብዬ ልለፈው?

ስለ ጉዝጓዝም ልናገር፤ ቅር አይበላችሁ። ለበዓል ዋርድ ውስጥ ቄጠማ እንጎዘጉዛለን፣ ቡና እናፈላለን፣ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ እናስቀምጣለን። ታማሚውን ያጽናናል። እኔም እወደዋለሁ። እርጥብ ሣርና አፈር የያዘ አበባ ግን የሻጋታ ማደሪያ ነው። ኬሞ የሚወስዱ ሰዎች ባሉበት ክፍል ብቻ ይቅር እላለሁ። ኮሪደሩ ላይ፣ የአስታማሚዎች ማረፊያ ላይ እንጎዝጉዝ። ኅዳር 12 ቀንም በሆስፒታል ግቢ ውስጥ የበሰበሰ ገለባና ቆሻሻ አገላብጦ ማጨሱ ከዋርዱ ርቆ ይሁን። ያ ልማድ የ1911 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛ ትዝታ ነው፤ ሰውን ከበሽታ ከመጠበቅ ሐሳብ የመጣ ነው፤ ከዋርድ መስኮት ሥር ሲሆን ግን በተቃራኒው ይሠራል።

ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። የላብራቶሪ ባልደረቦቼ፣ አብዛኛው ሥራ የእኛ ነው።

ማይክሮስኮፕ አለን። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ርካሽ ነው። ከጠቆረ ላንቃ፣ ከአፍንጫ ቁስል፣ አፈር ገብቶበት አልድን ካለ ቁስል የመጣ ናሙና ላይ ይህን ስላይድ መሥራት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ክሮቹ ሰፋፊና ጥብጣብ መሰል ሆነው በ90 ዲግሪ ቅርንጫፍ ካወጡ ሚውኮርን አስቡ። ቀጠን ያሉ፣ ክፍልፋይ ያላቸው፣ በ45 ዲግሪ ቅርንጫፍ የሚያወጡ ከሆኑ አስፐርጂለስን ወይም ዘመዶቹን አስቡ። ይህ ልዩነት ለሐኪሙ የመድኃኒት ምርጫ ነው። ለአስፐርጂለስ የሚመረጠው ቮሪኮናዞል ሚውኮር ላይ አይሠራም። ለሚውኮር አምፎቴሪሲንና የሞተውን ሥጋ ቆርጦ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በቶሎ። ስለዚህ ውጤቱን በወረቀት ልኮ ከመቀመጥ ስልክ አንሥቶ መደወል ይገባናል።

ጥልቅ ምርመራው ሁሉም ጋ ሊኖር አይችልም። ጋላክቶማናን የሚባለው የደም ወይም የሳንባ እጥበት ምርመራ፣ ካልቸር (ሻጋታውን ከናሙናው አብቅሎ ማየት)፣ የሥጋ ናሙና፣ ሲቲ ስካን። ለዚህ ባሕር ዳር ላይ አንድ ማዕከል ብንይዝ ይበቃል። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከእንጅባራ፣ ከሞጣ ናሙና የሚላክበት አንድ አድራሻ። የቲቢ ናሙና የሚጓዝበት መንገድ አለ፤ በዚያው መንገድ ይሂድ።

ቁጥሩን እንዴት እንመዝግብ ለሚለው ዓለም የሚጠቀምበት ደረጃ አለ፤ የተረጋገጠ፣ ሊሆን የሚችል፣ የሚጠረጠር። እኛ ጋ ብዙው "የሚጠረጠር" ላይ ይቀራል፤ መሣሪያ የለንምና። ይሁን። የሚጠረጠር ተብሎ ይጻፍ እንጂ ባዶ አይተው። ከታማሚው ጎን ደግሞ ሁለት ነገር ይጻፍ፤ ሆስፒታል ከገባ ስንተኛው ቀን ነው ምልክቱ የታየው፣ በዚያ ሰሞን ግቢው ውስጥ ምን ይፈርስ ወይም ይቆፈር ነበር። 5 ታማሚ በአንድ ዋርድ፣ በአንድ ወር፣ ያውም ከመሠረቱ ቁፋሮ ጋር ሲገጣጠም ማንም ሊያየው ይችላል። ሳይጻፍ ግን ማንም አያየውም። እንዲሁም በዚያ ወር በዋርዱ ስንት ሰው ለስንት ቀን እንደተኛ ይቆጠር። ያለዚያ 5 ብዙ ይሁን ጥቂት መናገር አይቻልም።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቮሪኮናዞል በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሊፖሶማል የሚባለው የአምፎቴሪሲን ዓይነት ደግሞ ለካላዛር ሲባል አገራችን ውስጥ ይገባል፤ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ ለሚያመጣው ማጅራት ገትርም ይሰጣል። ማለትም የአጎቴ መድኃኒት አገር ውስጥ ነበር። ያልነበረው በአስቸኳይ ጊዜ ከአንዱ ፕሮግራም ወስዶ ለሌላው የሚያበድር ደንብ ነው። ጥቂት ብልቃጥ ባሕር ዳር ተቀምጦ በአንድ ስልክ የሚወጣበት ስምምነት ጤና ቢሮው ሊያደርግ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ጊዜው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። መንገድ ይዘጋል። ደመወዝ ይዘገያል። ጓንት የሚያልቅበት ቀን አለ። በዚህ መሐል ስለ ሻጋታ የሚጽፍ ሰው ቅንጡ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ ኢንሱሊን የሚያልቅባቸው፣ አፈር በገባበት ቁስል የሚመጡ፣ ዘግይተው ደክመው የሚደርሱ ታማሚዎች ይበዛሉ። ሻጋታው የሚፈልገው እነዚህን ነው።

የመመዝገቢያ ቅጽ በአንድ ገጽ አዘጋጅቻለሁ። ሁለቱን ዓይነት ክሮች ጎን ለጎን የሚያሳይ የስላይድ ፎቶም አለኝ፤ በየላብራቶሪው ግድግዳ ሊለጠፍ ይችላል። ለኢንስቲትዩቱ በአካል ይዤ እመጣለሁ። እኔ በምሠራበት አካባቢ ዝናቡ እንዳበቃ ከሕፃናት ዋርድ ጎን የሚፈርስ አሮጌ ሕንፃ አለ። የምለምነው ከማፍረሱ በፊት መልስ እንድትሰጡኝ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከጎጃም